ዝናብ ዘንቦም ለምን ይራባል? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደሴም ከቆቦም ከሐይቅም የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ አንድ ጉዳይ ላይ ናቸው፤ ረሃብ፣ መፈናቀል፣ እርዳታ። ስለዚ ሌላውን ጥያቄ ለሚቀጥለው አቆይተን ገጹን በሙሉ ለዚህ ሰጥተነዋል። የማንንም ስም አላወጣንም፣ ረጃጅሞቹን ደግሞ አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ (ከደሴ፣ ሸዋ በር)፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። እህል ነጋዴ ነኝ። በኛ በኩል ክረምቱ ክፉ አልነበረም፣ ገበያ ላይም ማሽላው ጤፉ ይታያል። ግን ሬድዮ በከፈትኩ ቁጥር እርዳታ ፈላጊ በሚሊዮን ነው የሚባለው። ድርቁ ካለፈ ይሄ ሁሉ ምንድነው? ሰው እርዳታ ለምዶ ነው፣ ስራ ጠልቶ ነው የሚሉም አሉ፣ እኔ ግራ ገብቶኛል።

መልስ፦ ወንድማችን፣ እህል ገበያ ላይ መታየቱና ሰው ቤት መግባቱ ለየቅል ነው፣ ይሄን ደግሞ ነጋዴ ስለሆንክ ከኛ በላይ ታውቀዋለህ። በ1965ና 66 ወሎ ስታልቅ እህል ከደሴ እየተጫነ ወደ አዲስ አበባ ይወጣ ነበር፣ ደሴ ላይም ዋጋው የሚባለውን ያህል ሰማይ አልነካም፣ ለምን ብትል የተራበው ሰው እጁ ላይ መግዣ አልነበረውም። መግዣ የሌለው ሰው ዋጋ አያስወድድም፣ ዝም ብሎ ነው የሚያልቀው። ስለዚ የገበያውን ማሽላ አይተህ አገር ጠግቧል ማለት አይቻልም፣ ማን ገዛው ብለህ ነው መጠየቅ ያለብህ።

አሁን አንድ የራያ ቆቦ ቤተሰብ በሃሳብህ ያዝ። በ2013 መስከረምና ጥቅምት ላይ ማሽላው ሊታጨድ ሲል አንበጣ መጣ፣ ያየ ያውቀዋል፣ ማታ ቆሞ የነበረ ማሳ ጠዋት አገዳ ብቻ ነበር። እሱን በብድር ተሻገሩት። ሐምሌ ላይ ደግሞ ጦርነቱ ደጃቸው ደረሰ፣ ከብቱ ታረደ፣ ጎተራው ተራገፈ፣ ከዛ ጥቅምት 2014 ደሴና ኮምቦልቻም በሕወሓት ኃይል እጅ ገብተው ኮምቦልቻ ያለው የእርዳታ መጋዘን ሳይቀር ተዘረፈ፣ ጤና ጣቢያዎች አልጋቸውና መድኃኒታቸው ወጣ። ታኅሣሥ ላይ ትንሽ ተነፈሱ ሲባል ነሐሴ 2014 ቆቦ ላይ እንደገና ተጀመረ። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 2015 ሲፈረም ያ ቤተሰብ በሬ የለውም፣ ዘር የለውም፣ ያለበት እዳ ብቻ ነው። በዛው ዓመት ማዳበሪያ ጠፋ። ያ ክረምት ሳያልቅ ደግሞ አማራ ክልል ውስጥ ሌላ ግጭት ተነሳ፣ መንገድ ዛሬ ይከፈታል ነገ ይዘጋል፣ ኢንተርኔትም ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ይወሰን ተብሎ 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ፣ ዘይቱ ማዳበሪያው ትራንስፖርቱ ሁሉም ተከትሎት ወጣ። በዚህ መሃል ወባው አለ፣ እ.ኤ.አ በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት ብቻ በአገሪቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኛ ተመዝግቧል፣ ወባ የያዘው አባወራ ደግሞ በአረም ወቅት ተኝቶ ነው የሚከርመው።

እንግዲ ይሄን ሁሉ ስትደምረው አምስት ስድስት መከራ ነው ብለህ ብቻ አትለፈው፣ ዋናው ነገር አንዱ መከራ የሌላውን መሻገሪያ እየበላ መምጣቱ ነው። ድሮ ድርቅ ብቻውን ሲመጣ የወሎ ሰው መውጫ ነበረው። ፍየሉን ይሸጣል፣ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራና መተማ ይወርዳል፣ ከደጋ ዘመዱ ይበደራል፣ አረብ አገር ያለች እህቱ ትልክለታለች። ፍየሉ በጦርነቱ አለቀ፣ የሁመራ መንገድ ተዘጋ፣ ዘመድየውም እሱ ራሱ ተፈናቃይ ተቀብሎ አስር ሰው ያበላል፣ ከሳዑዲም በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው ባዶ እጁን ተመለሰ። እና አንድ ደህና ክረምት ቢመጣ ይሄን ሁሉ ይመልሰዋል? በሬ የሌለው ሰው መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ ግማሹን ነው የሚያገኘው፣ ከግማሹ ላይ እዳ ይከፍላል፣ የተረፈችው ጥር የካቲት ላይ ታልቃለች። ክረምቱ ደህና ነበር የምትለው እውነት ነው፣ ግን ዝናብ የሚጠቅመው የሚያርስበት ላለው ሰው ነው።

ስራ ጠልቶ ነው የሚለውን ግን በፍጹም አንቀበለውም። እርዳታ የሚባለው ሙሉ በሙሉ ቢደርስ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ስንዴ ነው፣ በቀን ግማሽ ኪሎ ማለት ነው፣ ትንሽ ክክና ዘይት ይጨመርበታል፣ እሱም በየወሩ አይመጣም። ለዚህ ብሎ እርሻውን የሚተው ገበሬ የለም። ሴፍቲኔት በሚባለው የመንግስት የምግብ ዋስትና ፕሮግራም ውስጥ ያለውም ቢሆን ጉልበት ካለው በወር አምስት ቀን እርከን ሰርቶ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚቀበለው። በየተራራው የምታየው እርከን ብዙው የነሱ ላብ ነው።

ወሎ ብቻ አይደለም ደግሞ። ሶማሌና ቦረና አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ቀርቶባቸው ከብታቸው አልቋል፣ ትግራይ አሁንም በመቶ ሺህ የሚቆጠር ተፈናቃይ መጠለያ ውስጥ ነው፣ አፋርና ኦሮሚያም የራሳቸው አለባቸው፣ ከሱዳን ከደቡብ ሱዳን ከሶማሊያ ከኤርትራ የመጣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስደተኛ አገሪቱ ላይ አለ። እ.ኤ.አ ለ2024 15.5 ሚሊዮን ሰው ለመርዳት 3.24 ቢሊዮን ዶላር ተጠይቆ ሚያዝያ 8 ቀን 2016 ጄኔቭ ላይ በተደረገው ስብሰባ ቃል የተገባው ከ600 ሚሊዮን ትንሽ ከፍ ያለ ነበር፣ ከተጠየቀው አንድ አምስተኛ ማለት ነው። ስለዚ ሬድዮው አላጋነነም ወንድማችን።

ጥያቄ (ከቆቦ)፦ የሁለት ዓመት ከአራት ወር ልጅ አለኝ። ከሳ ከሳ ብሎ አሁን መጫወት ትቷል፣ እግሩ ደግሞ ያበጠ ይመስለኛል። እናቴ የሰው ዓይን ነው ብላ ጠበል ውሰጂው ትለኛለች፣ ጎረቤቴ ደግሞ እግሩ ሞልቷል ወፍሯል እንጂ አልከሳም ትላለች። ብር የለኝም፣ ጤና ጣቢያ ሄጄ ምን እላለሁ?

መልስ፦ እታለም፣ ይሄን ገጽ እንዳነበብሽ ዛሬውኑ ውሰጂው፣ ነገ አትበይ። የእግሩ እብጠት ውፍረት አይደለም። ሁለቱንም እግሩን ከላይ በኩል በአውራ ጣትሽ ትንሽ ጫን ብለሽ ያዥና ልቀቂው፣ ጎድጎድ ብሎ ከቀረ ውሃ ነው የያዘው፣ ይሄ ከባድ የምግብ እጥረት ምልክት ነው። ልጁ መጫወት መተዉም ምልክት ነው። ብር ስለሌለሽ አትፍሪ፣ የከባድ ምግብ እጥረት ሕክምና በመንግስት ጤና ጣቢያ በነጻ ነው።

እዛ ስትደርሺ ክንዱን በቀለም በተለየች ጥብጣብ ይለኩታል። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀይ ነው፣ ከዛ እስከ 12.5 ቢጫ፣ ከዛ በላይ አረንጓዴ። እብጠት ካለ ግን ጥብጣቡ አረንጓዴ ቢያሳይም እንደ ከባድ ነው የሚታየው፣ ስለዚ ለክተው ደህና ነው ቢሉሽ እግሩን እዩልኝ በያቸው። የምግብ ፍላጎት ካለውና ሌላ ሕመም ከሌለበት ፕላምፒ ናት የሚባለውን በኦቾሎኒ የተሰራ እሽግ ሰጥተው በየሳምንቱ እየመጣሽ ይለኩታል፣ መብላት እምቢ ካለ ወይ ካተኮሰው ደግሞ አስተኝተው ያክሙታል። ያ እሽግ መድኃኒቱ ነው፣ ለታላቆቹ አታካፍይው፣ ሌሎቹ ሲያለቅሱ ልብሽ እንደሚባባ እናውቃለን ግን ለሱ ተቆጥሮ የተሰጠ ነው። ንጹህ ውሃ አጠጪው፣ ጡት የሚጠባ ከሆነ አታቋርጪበት። ጠበሉን እናትሽ ካመኑበት ከሕክምናው ጎን ለጎን ያድርጉለት፣ ሕክምናውን ግን አያቆይብሽ። ለእናትሽም እንዲህ ብለሽ አስረጃቸው፣ እሳቸውም ለልጁ ብለው ነው።

አንድ ነገር ለሌሎቻችሁም እንንገራቹ። ቢጫ ላይ ላሉት ሕጻናትና ለነፍሰ ጡሮች ይሰጥ የነበረው አልሚ ምግብ እየቀነሰ ነው። የዓለም ምግብ ፕሮግራም ሚያዝያ 2017 ላይ ገንዘብ ስላለቀበት የ650 ሺህ ሴቶችና ሕጻናት ሕክምና እንደሚቋረጥ ተናግሮ ነበር። በ2017 ደግሞ ሰሜን ወሎ ቡግና ወረዳ ላይ ምን እንደሆነ ሁላችንም ሰምተናል፣ ምርት አልነበረም፣ በግጭቱ የተነሳ መኪና አልገባ አለ፣ ሕጻናት ተጎዱ። ስለዚ ቢጫ ላይ ያለ ልጅ እስኪብስበት ቁጭ ብሎ መጠበቅ የለም፣ የጤና ኤክስቴንሽኗን ቤታቹ ድረስ ጥሯት፣ በየወሩ ትለካው።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ እናትና አባቴ በ77 ከአምባሰል ተነስተው ወለጋ የሰፈሩ ናቸው፣ እኔ እዛ ነው የተወለድኩት። በተፈጠረው ችግር ልጆቼን ይዤ ወጣሁ። ባለቤቴ ተመዝግቦ ነበር በስሙ ነው እህሉ የሚሰጠው፣ እሱ ግን ስራ ልፈልግ ብሎ ከሄደ ቆየ። አሁን ለኔ ስምሽ ሊስት ላይ የለም ይሉኛል። አንድ ሰውዬ ደግሞ ትንሽ ብር ካመጣሽ አስገባሻለሁ አለኝ። ምን ላርግ?

መልስ፦ እህታችን፣ መጀመሪያ ለሰውዬው አንድ ብር እንዳትሰጪ። መመዝገብ በነጻ ነው፣ ለመመዝገብ ገንዘብም ሆነ ሌላ ነገር የሚጠይቅሽ ሰው ወንጀል ነው እየሰራ ያለው፣ ሌላ ነገር ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ይገባሻል፣ እሱ ላይ ዝም አትበይ፣ ለወረዳው ሴቶች ሕጻናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወይ ለፖሊስ ንገሪ፣ ብቻሽን መሄድ ከፈራሽ ሁለት ሦስት ሆናቹ ሂዱ።

የሊስቱ ነገር ግን የሚስተካከል ነው። ምዝገባው በአባወራ ስም ስለሚያዝ እሱ ሲጠፋ ቤተሰቡ አብሮ ይጠፋል፣ ይሄ በጣም ብዙ ሴቶች ላይ የደረሰ ነገር ነው፣ ጥፋቱም ያንቺ አይደለም። መጠለያው ውስጥ ያለውን የተፈናቃዮች ኮሚቴ በኔና በልጆቼ ስም ይዛወርልኝ ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ፣ ባልሽ አለመኖሩን የሚያውቁ ሦስት ጎረቤቶች ምስክር ይሁኑሽ፣ የልጆችሽን ክትባት ካርድ ወይም ያለሽን ማንኛውንም ወረቀት አያይዢ። እምቢ ካሉሽ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ መኖር አለበት፣ ከሱ ካለፈ የወረዳው አደጋ መከላከልና ምግብ ዋስትና ጽሕፈት ቤት ሂጂ። ያስገባሽውን ማመልከቻ ቅጂውን ያዢ፣ የተቀበለሽን ሰው ቀኑን አስጽፊው። መጻፍ የማትችይ ከሆነ ተማሪ ይጻፍልሽ።

ስለ ወላጆችሽ የጻፍሽውን ደጋግመን አነበብነው። በ77ና 78 ወደ 600 ሺህ ሰው ነው ከሰሜን ተነስቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ የሰፈረው፣ የሚበዛው ከወሎ ነበር፣ ብዙውም ፈቅዶ አልሄደም። የነዛ ሰዎች ልጆች ዛሬ ጃሪና ቱርክ ካምፕ በሚባሉት መጠለያዎች ሸራ ስር ናቸው። ወላጆቻቸው ከረሃብ ሸሹ፣ እነሱ ከግድያ ሸሹ፣ የመጡበት መሬት ደግሞ ለራሱም አልበቃ ያለ ነው። ይሄን ሰው እንግዳ ነው፣ መጤ ነው የሚል ካለ ያሳዝነናል፣ የአምባሰል ልጅ አምባሰል ላይ እንዴት መጤ ይሆናል? ኢትዮጵያ የአፍሪካ ሕብረትን የተፈናቃዮች ስምምነት በ2012 አጽድቃለች፣ በሱም ተፈናቃይ ወደቀዬው የሚመለሰው በፈቃዱና ደህንነቱ ተጠብቆ ነው። ተመለሱ ስትባሉ እዛ ምን እንዳለ የመጠየቅ መብት አላቹ። እስከዛው አብሽሪ፣ ወረቀትሽን አስተካክዪ።

ጥያቄ (ከመርሳ)፦ የእርዳታ ስንዴ ገበያ ላይ የሚሸጡትን አየሁ። እርዳታ የሚሸጥ ሰው መረዳት አለበት እንዴ?

መልስ፦ ሁለት ነገር ነው፣ አትቀላቅለው። ከመጋዘን በጭነት መኪና የሚሰወር ስንዴ ሌብነት ነው። ሰኔ 2015 ላይ አሜሪካና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላ አገሪቱ የእህል እርዳታ ያቆሙት በዚህ ምክንያት ነው፣ ለወራት ነው የተቋረጠው፣ የሰረቁት ሳይሆኑ እናቶች ናቸው የተራቡት። ከተሰጣት 15 ኪሎ ላይ ሦስት ኪሎ ሸጣ ጨውና የወፍጮ ብር የምታገኝ ሴት ግን ሌባ አይደለችም። ስንዴ ብቻውን አይበላም፣ ይፈጫል፣ ይጋገራል፣ ማገዶ ይፈልጋል፣ ልጅ ሲታመም ታክሲ ይፈልጋል። የመጀመሪያውን ስታይ ጠቁም፣ ሁለተኛዋን ተዋት።

ጥያቄ (ከደላንታ)፦ እድሜዬ ሰባ አልፏል። 66ንም 77ንም አይቻለሁ፣ በ77 ሁለት ልጅ ቀብሬያለሁ። በልጉ እየተበላሸ እርዳታውም እየቀረ ሳይ ያ ነገር ይመለስ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። እውነቱን ንገሩኝ።

መልስ፦ አባባ፣ ለርሶ የምናለባብሰው ነገር የለም። በመጀመሪያ አላህም ይበሉ እግዜር ለነዛ ልጆች የጀነቱን ቦታ ያድርግላቸው።

ብዙ ነገር ተለውጧል። በ66 መንግስት ነገሩን ደብቆት ነበር፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ፎቶ ይዘው እስኪያሳዩ ድረስ አገር አላወቀም። በ77 ኮረም ሜዳ ላይ ሰው እንደዛ እስኪወድቅ የተጠበቀው አንድም በጦርነቱ ነው። ዛሬ በየወረዳው የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሰራተኛ አለ፣ በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን አለች፣ ከ1997 ጀምሮ ደግሞ ሴፍቲኔት አለ፣ 8 ሚሊዮን ያህል ሰው ይዞ ያውቃል። በ2008 በኤልኒኞ የመጣው ድርቅ ቀላል አልነበረም፣ 10.2 ሚሊዮን ሰው ነበር እርዳታ ያስፈለገው፣ ብዙ ቦታ በልግም መኸርም ተበላሽቶ ነበር፣ ግን እንደ 77 አልሆነም። መንገድ ክፍት ስለነበር፣ መንግስትም ከካዝናው ስላወጣ፣ ለጋሾችም ስለሰጡ ነው ያለፈው።

ስጋቱ እዚህ ላይ ነው አባባ፣ ያ ያሻገረን ሦስቱም ነገር ዛሬ አብሮ ነው የላላው። መንገዱ በግጭት ይቆረጣል። መንግስት ያለው ገንዘብ ኑሮ ውድነቱ በልቶታል። ትልቋ ለጋሽ አሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ ጥር 2025 የውጭ እርዳታዋን አቁማ ዩኤስኤአይዲ የሚባለውን መስሪያ ቤት በዛው ዓመት ዘጋችው፣ ኢትዮጵያ ከሱ ብዙ ከሚቀበሉት አንዷ ነበረች። ረሃብ በዚህ ዘመን አይመጣም የሚል ሰው ካለ ጎረቤት ሱዳንን ይይ፣ ለም መሬትና አባይ ያላት አገር፣ ነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ ዛምዛም የሚባል የተፈናቃዮች ካምፕ ውስጥ ረሃብ መግባቱ በይፋ ተረጋግጧል። ያመጣው ዝናብ መጥፋት አልነበረም፣ ጦርነትና የመንገድ መዘጋት ነው።

ስለዚ የርሶ እንቅልፍ ማጣት ቅዠት አይደለም። ግን 77 የሚመለሰው በአንድ ሌሊት አይደለም፣ ምልክቱን ከርሶ በላይ የሚያውቅ የለም። ሰው ዘሩን መብላት ሲጀምር፣ የሚያርስበትን በሬ ሲሸጥ፣ የቤቱን ቆርቆሮና በር ነቅሎ ገበያ ሲያወጣ፣ ቤተሰብ ቤት ዘግቶ ሲሄድ። እባክዎን ይሄን ሲያዩ በሽምግልና ቁጭ አይበሉ፣ ስንት ቤት በሬ እንደሸጠ ቆጥረው ለቀበሌና ለወረዳ ይንገሩ፣ ወጣቶቹም ይጻፉት። ደላንታ ላይ በልግ ሲበላሽ ሰኔ ላይ የሚደርሰው ገብስ ይቀራል፣ መኸሩ እስከ ኅዳር የለም፣ በዛ መሃል ያለው ክረምት ነው ሰው የሚያልቅበት። እርዳታ መጠየቅ ያለበት ሚያዝያ ላይ ነው፣ ነሐሴ ላይ ከተጠየቀ ጭቃው መኪና አያሳልፍም።

ጥያቄ (ከጂዳ)፦ የወሎ ልጆች በቴሌግራም ግሩፕ ብር እያሰባሰብን ነው። ስንዴ ገዝተን እንላክ፣ ልብስ እንሰብስብ ወይስ ብሩን እናከፋፍል? ለማንስ ነው የምንሰጠው?

መልስ፦ አላህ ይስጣቹ። ልብሱን ተዉት፣ ማጓጓዣው ከልብሱ ይበልጣል፣ መጠለያ ውስጥም ሴቶች የሚቸግራቸው የንጽህና መጠበቂያ፣ ሳሙናና ብርድ ልብስ ነው፣ እሱ ደግሞ ደሴና ኮምቦልቻ ይገዛል። ስንዴና ብር የሚለው በቦታው ይወሰናል። እንደ ደሴ፣ ሐይቅ፣ ወልድያ ገበያው የሚሰራበት ቦታ ከሆነ ብር ይሻላል፣ እናትየዋ የሚያስፈልጋትን ታውቃለች፣ አንዷ ወፍጮ አንዷ መድኃኒት ነው የቸገራት። መንገድ የሚዘጋበት ገበያው የሳሳ ወረዳ ከሆነ ግን ብር በአንዴ ብታፈሱበት ያለችው እህል ላይ ዋጋ ጨምሮ ብር ያልደረሰውን ሰው ይጎዳል፣ እዛ እህሉ ራሱ ይግባ።

ለማን ለሚለው፣ ፌስቡክ ላይ ፎቶ ለጥፎ የግል አካውንት ለሚሰጥ ሰው አትላኩ። ቅሬዎችን፣ እድሮቹን ማለታችን ነው፣ ያዙ። የየሰፈሩ ቅሬ የሁሉን ቤት ያውቃል፣ ማን ሞተበት ማን ታመመበት ማን ምድጃው እንዳልነደደ ያውቃል፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ አለበት፣ መዝገብና ገንዘብ ያዥም አለው። ሁለት ሦስት ቅሬ ምረጡና የተፈናቃይ ተወካይ አንድ ሴት ጨምራቹ ሊስቱን እነሱ ያውጡ፣ የተሰጠው ሰውና መጠኑ ቅሬው ስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ ይነበብ፣ ፎቶ ግን አታንሱ፣ የሰው ልጅ ስንዴ ሲቀበል ቲክቶክ ላይ መውጣት የለበትም። ዘካቹን ለረመዳን ብቻ አታቆዩት፣ ብሩ የሚፈለገው ሰውዬው በሬውን ገበያ ከመንዳቱ በፊት ነው፣ የበሬ ዋጋ ከተበላ በኋላ የምትልኩት ስንዴ ሰውየውን ዘንድሮ ያበላዋል እንጂ ለከርሞ አያሳርሰውም። ከተቻለ ከገንዘቡ ግማሹን ለዘርና ለእርሻ በሬ ኪራይ መድቡት፣ ለደጋው በልግ ከሆነ እስከ ጥር መጨረሻ፣ ለቆላው መኸር ከሆነ እስከ ሰኔ መድረስ አለበት።